የሐሙሱ ካቻ

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የዝናብ ቦት ጫማ ልገዛ እዚህ ሮማ ኤስኲሊኖ ሰፈር ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። ባለሱቁ ጫማውን ከላስቲኩ ሲያወጣው የአዲስ ጎማ ሽታ ብን ብሎ ወጥቶ አፍንጫዬን ሞላው። እግሬ እዚያው ተተከለ። ልጄ «ማማ፣ አንዲያሞ»፣ እንሂድ፣ እያለች ቀሚሴን ትጎትታለች፤ እኔ ግን ከዓመታት በፊት በነበረ የብርድ ወር፣ አንድ ሽማግሌ ሳሎን ውስጥ፣ ግድግዳ ሥር ከተደረደሩ የጎማ ጫማዎች ፊት ቆሜ ነበር።

ሽማግሌው ክልስ ነበሩ፤ አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው የአዲስ አበባ ሰው። እኛ ስናውቃቸው ሚስታቸው አርፈው፣ ልጆቻቸው ርቀው፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ካሉት የሐበሻ ካፌዎች በአንዱ ተቀምጠው ሰው ሲያወራ ይሰማሉ። አማርኛቸው የድሮ ነው፤ እኛ ዳክዬ የምንላትን «ይብራ» ነው የሚሏት። ከእኛ ጋር ሲሆኑ «እንግዲህ» ለማለት ከሚሏት ከ«አሎራ» በስተቀር አንድም የጣልያንኛ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። «ጣልያንኛውን ለጣልያኖቹ ተዉላቸው። እኔ እዚህ የምመጣው ምላሴን ላሳርፍ ነው» ይሉን ነበር።

ከወጣትነታቸው ጀምሮ አዳኝ ናቸው። ከሮማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ለወፎች የተከለለ የሕዝብ ሐይቅ አለ። አንደኛው ጥጉ በብርድ ወራት ፈቃድ ላለው አዳኝ ይከፈታል፤ ቀኑ የሚሰጠው በዕጣ ነው። አንድ ቀን ካፌው ውስጥ «የአደን ጓደኞቼን በሙሉ ጌታ አድኖ ጨረሳቸው። ጠመንጃ የሚይዝ እኔ አለሁ፤ ጀልባ የሚገፋልኝ ግን አጣሁ» አሉን። ዲያቆኑ ሳቀ። ዲያቆኑ አገር ቤት ይቀድስ የነበረ፣ እዚህ ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥብ፣ ተረበኛ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እኛ የምናውቀው አዳኝ አንድ ብቻ ነው» አላቸው። «እሱስ ቢሆን የሰበሰበው ዓሣ አጥማጆችን አይደል? እናንተም ትበቁኛላችሁ» ብለው መለሱለት። እንዲህ እንደ ቀልድ ነው የተጀመረው።

እኛ ማለት ሦስት ነን፤ እኔ፣ ዲያቆኑና የመንገድ ወንድሜ። ሦስታችንም ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚኖሩበት አንድ ቤት ነበርን፤ ወንዶቹ ታች፣ ሴቶቹ ፎቅ ላይ። የመንገድ ወንድሜ የሥጋ ዘመዴ አይደለም። የተገናኘነው በረሃ ላይ ነው። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ምን እንደሚደርስባት ስላየ «እህቴ ናት» አላቸው፤ ከዚያ እስከ ባሕሩ፣ ከባሕሩም እስከ ሮማ «እህቴ» እንዳለኝ ቀረ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ ለሥራ የማይሰንፍ ልጅ ነበር። እንቅልፉ ግን የዶሮ እንቅልፍ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል፤ በር በኃይል ከተዘጋ ከአልጋው ወርዶ መስኮቱ ጋ ይገኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ያየውን አብሬው ስላየሁ አልፈርድበትም ነበር።

በዚያ ወር ለእሱ ትልቁ ነገር ኮሚሲዮኔው ነበር፤ ጥገኝነት ይሰጠው አይሰጠው የሚወሰንበት ቃለ መጠይቅ። ስንት ጊዜ ሲጠብቅ ኖሮ ቀጠሮው ደርሶለታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከቤቱ ሳይጠፋ መቆየት ነበረበት፤ ከጠፋ ቦታውንም ያጣል፣ ጉዳዩም ይዘጋል። እኔም ለራሴ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ወረቀቱ እጁ በገባ ማግስት፣ እህትህ አይደለሁም ልለው። እወደው ነበር፤ አሁን ብናገረው ምን አለበት።

ዕቅዱ ሳምንታት ፈጀ። ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ የስኳር ከረጢቶችን ይደረድራሉ፤ ይህ ሐይቁ፣ ይህ ቦዩ፣ ይህ የምንደበቅበት የሸምበቆ ጎጆ። ማንኪያዋ ጀልባ ናት። ዲያቆኑ እንዲገፋ ተመደበ። የመንገድ ወንድሜ ወፎቹን የሚያታልሉትን የፕላስቲክ ዳክዬዎች ውሃው ላይ እንዲበትን ተመደበ። እኔ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ተነገረኝ፤ ዲያቆኑ ይሄኔ «ይቺን ዝም ከማሰኘት ዳክዬዎቹን ለምኖ ማምጣት ይቀላል» አለ።

የመንገድ ወንድሜ የሚጠይቀው ሌላ ነበር። ጣቱን ከረጢቶቹ መሃል እያስገባ «መውጫው በየት በኩል ነው?» ይላል። ሽማግሌው አሳዩት። ቀጥሎ ማንኪያዋን ነካ አድርጎ «ይቺ ስንት ሰው ትጭናለች?» አላቸው።

«ሁለት። ሦስተኛ ከገባባት ትሰምጣለች» አሉት፣ እንደዋዛ።

የመንገድ ወንድሜ እጁን ከማንኪያዋ ላይ ሰበሰበ። ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ውሃው እኮ ከጉልበት አያልፍም። ብትወድቅ ተነሥተህ ትቆማለህ» አሉት። ብዙ አሰበበትና «ከጉልበት ካላለፈ እመጣለሁ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ከሁላችንም በላይ አደኑን የናፈቀው እሱ ሆነ። ሽማግሌው ቤት ሄደን ቦት ጫማ ስንለካ የኔና የዲያቆኑ ሲሰፋን የእሱ ልክክ አለ። የፕላስቲክ ዳክዬዎቹ ቀዳዳ እንዳላቸው ለማየት የመታጠቢያ ገንዳውን ሞልቶ አንድ በአንድ ያንሳፍፋቸው ነበር። አንዷ ዘንበል ካለች በሁለት እጁ ቀስ ብሎ ያነሣትና በፎጣ ያደርቃታል። የማታ ፀሐይ በትንሿ መስኮት ገብታ ውሃው ላይ ስታርፍ ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ነው። ዲያቆኑ በሩ ላይ ቆሞ «ጣቱ በቆዳ የተጋጠመ ወፍ አይበላም። እገፋለሁ እንጂ አልቀምስም!» እያለ ይሰብካል። እኔም አልበላም፣ እሱም አይበላም። የማንበላውን ወፍ ለማደን ያን ያህል መድከማችን እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ግን ቁም ነገሩ ወፉ አልነበረም። እኛ እኮ ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሲወጣ፣ ወረቀቱ ሲመጣ ከማለት በቀር ቀን ቆርጠን የምንጠብቀው ነገር አልነበረንም። በዕጣ በደረሰን እሑድ እንሄዳለን መባባሉ ራሱ ደስ ይለን ነበር።

አሁን ስለ አንዲት ቃል ልንገራችሁ። በምንኖርበት ቤት ከየትም አገር የመጣ ሁሉ የሚያውቃት የጣልያንኛ ቃል ነበረች፦ ካቻ። አንድ ልጅ ተጣልቶ ሲባረር «ካቻ ተደረገ» እንላለን። ፖሊስ ሰዎች የሰፈሩበትን ሕንፃ ሲያስለቅቅ «ካቻ መጣ» እንላለን። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ የሚባለው አደባባይ ላይ ሰዎች ሲባረሩ ያዩ በመካከላችን ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ማልዶ እንደሚመጣም ሁሉም ያውቃል። ቃሏ ለጣልያኖች አደን ማለትም እንደሆነች ግን ከእኛ ማንም አያውቅም። ሽማግሌው ለእኛ ሁልጊዜ «አደን» ነበር የሚሉን፣ በጥሩው አማርኛቸው።

አደኑ ሊሆን በነበረበት ሳምንት ማክሰኞ የሐይቁ ጠባቂዎች ሽማግሌው ዘንድ ደወሉ። እሑድ ማዕበል ስለሚመጣ ቀናችሁ ወደ ሐሙስ ተዛውሯል አሏቸው። ሽማግሌው ይህንን ሊነግሩኝ ደወሉልኝ። እኔ ያን ጊዜ አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት እንከባከብ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ስልኬን አጠፋለሁ። ዲያቆኑ ሥራ ላይ ነው። የመንገድ ወንድሜ ስልክ ሲጠራ ፈርቶ አያነሣም። ስለዚህ ሽማግሌው ወደ ቤታችን በረኛ ደወሉ፤ ከጣልያን በረኛ ጋር መቼም በአማርኛ አይነጋገሩ። በረኛው ደግ ሰው ነበር። መልእክቱን እንዳይረሳው ወዲያው ብቅ ብሎ ግቢ ውስጥ ለነበሩት ጮኸ፦ «ጆቬዲ አላልባ፣ ካቻ! ቱቲ ፕሮንቲ!» ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ካቻ፤ ሁላችሁም ተዘጋጁ።

የመንገድ ወንድሜ ልብስ እያሰጣ ነበር አሉ። ግማሹን ገመድ ላይ፣ ግማሹን ባልዲው ውስጥ ትቶ ገባና ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ዛሬም ቢሆን እርጥብ ልብስ ሲንጠባጠብ መስማት አልወድም፤ ቤቴ ውስጥ ልብስ የሚያሰጣው ባለቤቴ ነው።

ከሥራ ስወጣ ስልኬን ከፈትኩ። የሽማግሌው የድምፅ መልእክት ነበረኝ፤ ከሥሩ ደግሞ የመንገድ ወንድሜ። የሽማግሌውን ዘልዬ የእሱን ከፈትኩት። ከኋላው ትራም ያቃጭላል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ሐሙስ ሊያስወጡን ነው። ከእንግዲህ ማንም አይይዘኝም። ቴርሚኒ፣ አውቶቡሶቹ ጋ ነኝ። እስኪመሽ እጠብቅሻለሁ፣ ነይ።» እህቴ አላለኝም። በስሜ ነው የጠራኝ፣ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ።

ሮጥኩ። አሮጊቷ ከሚኖሩበት ከኤስኲሊኖ ባቡር ጣቢያው ቴርሚኒ ቅርብ ነው፤ ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። ስደርስ መብራቶቹ በርተዋል። የረጅም ሰው ጀርባ ባየሁ ቁጥር እየዞርኩ ፊት አያለሁ። ስልኬ ጠራ፤ ዲያቆኑ ነው። ከሥራ ሲመለስ ሰው ሁሉ ሻንጣ ሲያስር ደርሶ፣ በረኛውን ይዞ ጠይቆት ነበር።

«አደን ነው!» ይጮኻል። «ስሚኝ፣ አደን ነው እኮ! ጋሼ ናቸው የደወሉት! ካቻ ማለት አደን ነው!»

እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁትም። እኔ የቆምኩበት አንድ ትልቅ አውቶቡስ ገና መውጣቱ ነበር፤ የናፍጣው ጭስ አልተበተነም። «አደን ነው፣ ተመለስ፣ በእግዜር ተመለስ» ብዬ ድምፄን ላኩለት። መልእክቱ ሥር አንዲት ምልክት ብቻ ወጣች። ሁለተኛዋ፣ ደረሰ የምትለዋ፣ አልመጣችም። መንገድ ላይ እንደተማረው ሲም ካርዱን ጥሎ መሆን አለበት።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው መኪናቸውን አሙቀው መጡ። በስልክ ልንነግራቸው አልደፈርንም ነበርና ዲያቆኑ በሩ ላይ ነገራቸው። የጎማ ጫማቸውን እንዳጠለቁ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ካቻ?» አሉ። «ይህቺን ቃል እኮ ከአባቴ ነው የተማርኳት። ዝዋይ ዳር እጄን ይዞ ሲወስደኝ። ከእሷ ሌላ ከአባቴ ምን ተረፈኝ?»

ብዙ ሳይቆዩ ተነሥተው የመኪናውን በር ከፈቱና «ግቡ» አሉን። ወደ ሐይቁ አልሄድንም። ወደ ሰሜን የሚሄዱት አውቶቡሶች ወደሚነሡበት ወደ ቲቡርቲና ነዱ፤ ከዚያ ተመልሰን ቴርሚኒ፣ ከዚያ ሰው በሚያድርባቸው ድልድዮች ሥር። መኪናው በታጠፈ ቁጥር የፕላስቲክ ዳክዬዎቹ ከኋላ ይንኳኳሉ። አንዳችንም አውጥተን እንጣላቸው አላልንም።

ወሬው አልጠፋም። አንዱ ፈረንሳይ ድንበር ላይ አየሁት ይላል፤ ሌላው ተራራ ሲያቋርጡ ብርድ የፈጀው ልጅ ነበር ይላል። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? እሱን ያሳደደው ግን ያልመጣው ነው። ያ ነው የሚያንገበግበኝ። አሁንም በቴርሚኒ ባለፍኩ ቁጥር አውቶቡሶቹ ጋ እግሬ ይዘገያል። ባለቤቴ ያውቃል፤ ሳልነግረው እርምጃውን ያቀዘቅዝልኛል።

የኮሚሲዮኔው ቀን ደረሰ። ቀኑን አስታውሶ ይመጣ ይሆናል ብለን ሦስታችንም ሄድን፤ ሽማግሌው ከረባት አስረው ነበር። ኮሪደሩ እርጥብ ካፖርት ይሸታል። የውጭው በር በተከፈተ ቁጥር አንገታችንን እናዞራለን። በመጨረሻ አንዲት ሴት ከቢሮው ብቅ ብላ ስሙን ጠራች። አጣመመችው፤ ቢሆንም የእሱ ስም ነበር።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ይዘው ተነሡ። ልጁ ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በካቻ ምክንያት ነው የሄደው እያሉ ያስረዷት ጀመር። ያ ከጣልያኖቹ የሚበልጥ ጣልያንኛቸው ያን ቀን ተሰባበረባቸው። ሴትየዋ ግራ ገባት።

«ኤ አንዳቶ ኣ ካቻ?» አለች። አደን ሄደ ነው የሚሉኝ?

ከኋላችን አንድ ሰው ሳቀ። ዲያቆኑ የሽማግሌውን ክንድ ይዞ አስቀመጣቸው።

ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። ሽማግሌውን አየች፣ እኔን አየች። ደንብ ሆኖባት ይሁን አዝናልን አላውቅም፤ ስሙን እንደገና፣ አሁን ቀስ ብላ፣ እያስተካከለች ጠራችው። ስሙ እንደዚያ ያለ መልስ ሲቀር መስማት አልቻልኩም።

«አቤት» አልኩ።