ማርስ ላይ ዳገት የወጣው ወንዜ

ዕድሜዬን ሙሉ አዲስ አበባ ካርታ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ስወጣ ካምፓላ ልጄ ዘንድ መጣሁ። ከናሙዎንጎ ሰፈር በላይ በተከራየችው ቤት ውስጥ ሥራዬ ማቶኬ የሚሉትን የሙዝ ምግብ መብላትና ከቴሌቪዥን ዜና ጋር መጨቃጨቅ ሆነ። በሁለቱም እየተካንኩ ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃት አንዲት የሙንዮንዮ ሰፈር ልጅ ሌላ ሥራ አመጣችልኝ። ከጠፈር የተነሱ ፎቶዎችን እያዩ፣ ማርስ ላይ ድሮ ውሃ የሄደባቸውን ሸለቆዎችና ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቦረቦራቸውን ጉድጓዶች በኮምፒውተር የሚሥሉ በጎ ፈቃደኞችን ታስተባብራለች። ምድርን ሠርቼ የጨረስኩ ይመስል ተኮፈስኩ።

የደረሰኝን አንድ ቁራጭ ፎቶ በኩራት ሠርቼ ላክሁ። ተመለሰ። ልጅቷ ልታስረዳኝ ቤት ድረስ መጣች። ለካ ጉድጓዶቹን በሙሉ ኮረብታ አድርጌያቸዋለሁ፤ ወንዞቼም የተራራ ጀርባ ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። ልጄ ከወጥ ቤት ሆና፣ አባዬ የደጋ ሰው ነው፣ ዳገት ካላየ አይሆንለትም አለች።

ነገሩ ቀላል ነው። በዚያ ፎቶ ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከግርጌ ነው። ዓይናችን ደግሞ ብርሃን ከላይ ሲመጣ ለምዷልና ጉድጓዱን ጉብታ አድርጎ ያሳየናል። ያናደደኝ ይህን አለማወቄ ሳይሆን ማወቄ ነው። በእኛ ጊዜ የአየር ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ስናነጥፍ፣ ከሁሉ በፊት ጥላው ወደ እኛ እንዲወድቅ ወረቀቱን እናዞረው ነበር። አዲስ ገቢዎችን ይህን የማስተምረው እኔ ነበርኩ፣ ያውም እየተቆጣሁ። ግን ያ ወረቀት ነው፤ ላፕቶፕ ማን ያዞራል?

ልጅቷ ልትሄድ ስትነሳ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ሁለተኛ ከተመለሰ ቁራጩን ለሌላ ሰው መስጠት ግዴታዬ ነው። ዓይንዎም ካስቸገረዎት…»

የግራ ዓይኔን ሞራ እየጋረደው መሆኑን ልጄ ነግራት ኖሯል።

«አንድ ዓይን ይበቃል፤ ማርስም አንድ ናት» አልኳት።

አፌ ይቀልዳል እንጂ ልቤ ቆርጧል። የመጨረሻ ካርታዬን ሌላ ሰው አይጨርሰውም።

ልጄ ምስሉን የሚያዞር ቁልፍ አሳየችኝ። እሷ ቢሮ ከሄደች በኋላ ገና ስነካው ሥራዬ በሙሉ ከስክሪኑ ተሰወረ፤ እንድታስመልስልኝ ከቢሮዋ አስጠራኋት። ከዚያ በኋላ ማርስን ማዞር ትቼ ራሴን አዞርኩ። ላፕቶፑን እንደ መጽሐፍ ዘርግቼ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁትና ወንበሬን ይዤ በማዶ በኩል ተቀመጥኩ። ማውሱንም አዙሬ አፍንጫውን ወደ ሆዴ አደረግኩት። ኮረብታዎቹ ባንዴ ሰመጡ፤ ሸለቆዎቹ አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ብቻ ሆነ። ልጄ በቦዳ ሞተር ሳይክል ወደ ቢሮዋ ስትሄድ እቀመጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪሞት እታገላለሁ። የታመመው ዓይኔ ሲያስቸግረኝ በመሀረብ አሰርኩት። ልጄ የባሕር ወንበዴ ብላኝ ፎቶዬን ለዘመድ ሁሉ ላከች። እኔ ግን እያንዳንዱን ሸለቆ ከአናቱ ይዤ፣ ገባሮቹን እየለቀምኩ ቁልቁል ወረድኩ። አንዱ ሸለቆ ትልቅ ጉድጓድ አጠገብ ሲደርስ አቧራ ውስጥ ገብቶ ጠፋብኝ። ከማዶ እሱን የመሰለ ጫፍ ይታያል። ላገናኛቸው እጄን በላኝ። ያላዩትን መሬት በነጥብ እንጂ በመስመር አይሥሉም፤ የሙያችን ሕግ ነው። እያጉረመረምኩ ነጥብ ነጥብ አደረግሁት።

ልጅቷ ስትመጣ ከእኔ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ማውሱን በተገላቢጦሽ ይዛ ትንሽ ተደናገረች፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ሸለቆ በሸለቆ ወረደች። ነጥቦቹ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ለምን አቋረጡት?»

«አላየሁትማ።»

ቀና ብላ የታሰረውን ዓይኔን አየች።

«እኔም አላየሁትም» አለች። «ሥራዎ አልፏል።»

ልጄ የቀዳችላትን ሻይ ሳትጨርስ ጎረቤቱን ቁራጭ ከፈተችልኝ። በእሱ ላይ ደግሞ ብርሃኑ የሚመጣው ከጎን ነው። ልጄ እኔን አየችኝ፤ እኔ ግድግዳውን የተጠጋውን ጠረጴዛ አየሁ። ልጄን ጫፉን እንድትይዝልኝ ነገርኳትና፣ በግድግዳው በኩልም ወንበሬ እንዲገባ ጎትተን ወደ ሳሎኑ መሀል አወጣነው።