የእንቅልፍ አበል

የተሳቢ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ሰሞን የሚያስጨንቀኝ መሪው ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ሐይቅ ከተማ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበር የምነዳው፤ በመስከረም የግሸንን ተሳላሚ እስከ ተራራው ግርጌ አደርሳለሁ፣ በቀረው ወር ደሴ መመላለስ ነው። ያን ሁሉ ጎማ ያለው መኪና ጠመዝማዛ ላይ እንዴት አድርጌ ነው የማጥፈው እያልኩ እፈራ ነበር። ለካ ከመኪናው ይልቅ ግራ የሚያጋባው የአከፋፈሉ ነገር ነው። መንገዱ አንድ፣ ጭነቱ አንድ፣ ያው ጅቡቲ ወርዶ ኮምቦልቻ መመለስ፤ ለሹፌሩ የሚከፈልበት መላ ግን በየደጁ ሌላ ነው። በየሄድኩበት እንደተገረምኩ ወጣሁ።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት የወር ደመወዝና አበል ይሰጣል ሲሉኝ ደስ አለኝ። ቢሮ የተቀበለችኝ ልጅ ግን አበሉ የሚታሰበው ጎማው ለዞረበት ቀን ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። ወደብ ላይ ወረፋ ስጠብቅ ማን ያበላኛል ብላት፣ "ደመወዝ አለህ አይደል እንዴ?" አለችኝ። ሁለተኛው፣ ብዙ መኪና ያለው ሰውዬ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እሱ የሚከፍለው በቢያጆ ነው። ደርሰህ በተመለስክ ቁጥር ገንዘብህን ትቀበላለህ፤ ቶሎ ከተመለስክ ቶሎ ትጭናለህ። ሦስተኛው ከጭነቱ ዋጋ ድርሻ ይሰጥና ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ ከኪሳራውም ድርሻህን ያሸክምሃል። "እኔና አንተ ሸሪኮች ነን" አለኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። መኪናው ግን የእሱ ብቻ ነው። ሳልሰድበው መውጣቴ እስከዛሬ ይገርመኛል።

ቤት ስመለስ ሁሉንም ለሚስቴ እነግራታለሁ። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ መውለጃዋ ተቃርቧል። የምንኖረው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበር፤ አልጋው ሲገባ እኛ የምንወጣባት ዓይነት። ልጁ ሳይመጣ ሰፋ ያለ ቤት ማግኘት ነበረብን፤ ስለዚህ ሥራውን የምንመርጠው ሁለት ሆነን ነው። በሒሳብ ደግሞ እሷን የሚያህል የለም። "ቢያጆው ይሻላል" አለችኝ። "አንተ እንደሆንክ እንቅልፍ አታውቅም። ቶሎ ቶሎ ትመላለሳለህ፤ ሲመሽም ገስግሰህ ቤትህ ታድራለህ።" የእኔም ልብ እዚያው ነበር።

ቢያጆውን ልፈርም ከቆረጥኩ በኋላ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ባላቸው ስለሞቱባቸው አንዲት እናት ነገረኝ። ያላቸው አንድ ተሳቢ ብቻ ነው፤ ሹፌር ይፈልጋሉ። "አከፋፈላቸው ግን ለየት ይላል" ብሎ ሳቀ። ማየት አይከፋም ብለን ከሚስቴ ጋር ሄድን።

ቤታቸው ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ዳገት ላይ ነው። መኪናው ደጁ ላይ ቆሟል። አሮጌ ነው፤ ግን የጎማው ብሎን ሳይቀር ተወልውሎ ያብረቀርቃል። አፌን ከፍቼ ስዞረው ሚስቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ሴትዮዋ አስገብተው አስቀመጡንና ወግ ሳያበዙ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

"ደመወዜ ከሌላው ያንሳል፤ ቀድሜ ልንገርህ ልጄ። መኪናው ቢቆም ግን አበልህ አይቆምም። ወደብ ብትጠብቅም፣ ጋራዥ ብትገባም አለልህ። ጭነህ ስትመለስ ደግሞ ባቲ ታድራለህ። የዚያ አዳር አበል ለብቻው ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።"

"ለመተኛት?" አልኩ።

"ለመተኛት። ሳታድር ከመጣህ ግን፣ ወላሂ፣ ቁልፉን እቀበልሃለሁ።"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት መሪ የጨበጥኩ ሰው እንደ ሕፃን ተኛ ልባል! "እትዬ፣ ከባቲ ኮምቦልቻ ምን አላት? ቤቱ ሊደርስ ትንሽ የቀረው ሰው እንዴት ብሎ ያድራል?"

"ስንቱ ሹፌር እንዲሁ ብሎኝ ተነስቶ ሄዷል" አሉኝ። አልተቆጡም።

ሚስቴ ገባችበት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ "እትዬ፣ እኔ ደርሻለሁ። እሱ ባቲ ሆኖ ምጥ ቢይዘኝስ? ባሌ አይደል? ና ካልኩት ይመጣል እንጂ ለአበል ብሎ ይተኛል?" አለች።

ሴትዮዋ ሆዷን አዩት፤ ከዚያ ፊቷን።

"እኔም ና ነው ያልኩት" አሉ።

"ባሌም ሹፌር ነበር፤ አላህ ይርሐመውና፣ በቢያጆ ነበር የሚሠራው። ጭኖ ሲመለስ ከባቲ ደወለልኝ። ደክሞኛል፣ ልደር ወይስ ልምጣ አለኝ። ነገ ሌላ ጭነት አለህ፣ ልጆቹም ናፍቀውሃል፣ ና አልኩት። ድካሙን ድምፁ ላይ ሰምቼዋለሁ እኮ። ሰምቼው ነው ና ያልኩት። ጠመዝማዛውን አልጨረሰውም።" ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ደሴ የነበረንን ቤት ሸጬ ይህን መኪና ስገዛ ሰው ሁሉ አበደች አለኝ። እኔ የፈለግኩት የእኔ ሹፌር ልደር ወይ ብሎ ሚስቱን እንዳይጠይቅ ነው። አንቺም ና ወይም እደር ማለት አይጠበቅብሽም። ምጥ ከያዘሽ ለእኔ ደውይ፤ ሐኪም ቤት የማደርስሽ እኔ ነኝ።"

የዞርኩባቸው ባለመኪኖች ሁሉ ሹፌሩን እንዴት እንደሚያስሮጡት ነበር ያሰቡት። እኚህ ሴት ግን በዓይናቸው አይተዋት የማያውቋት የሰው ሚስት እሳቸው የደረሰባቸው እንዳይደርስባት ብለው ከኪሳቸው ይከፍላሉ። እንዲህ ያለ ሰው በአገራችን፣ ያውም እዚሁ ከኛ ከተማ፣ መኖሩን አላውቅም ነበር። ተነስቼ እጃቸውን ልስም አሰብኩ።

ሚስቴ ቀደመችኝ። ከበርጩማዋ ቀስ ብላ ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ ሴትዮዋ "ተይ፣ ተይ ልጄ" ብለው በሁለት እጃቸው ያዟት።

"እትዬ፣ ወረቀቱን ያምጡለት፤ ይፈርማል" አለች።

እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።