ትሬቨር ችሎት ላይ ሲቀመጥ

ትሬቨር አክሮይድ ቁጭ ማለት የሚሆንለት መሪ ሲጨብጥ ብቻ ነው። ዕድሜውን በዮርክሻየር ኮረብታዎች ላይ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ቤት ሲገባ እግሩ አያርፍም፤ ሻዩን እንኳ ቆሞ ነው የሚጠጣው። የበጎ ፈቃድ ዳኛ ለመሆን እንዳመለከተ ሲነግራት ሚስቱ ግሌንዳ በሳቅ ፈረሰች።

«አንተ? ቀኑን ሙሉ ዝም ብለህ ልትቀመጥ? እኔ የማዝነው ለወንበሩ ነው!»

«አሹፊ አንቺ!»

ለምን እንዳመለከተ ግን ታውቃለች። ልጅ ሳለ እናቱ የፈቃድ ክፍያ ሳትከፍዪ ቴሌቪዥን አይተሻል ተብላ ተከሳ ነበር። ከችሎት ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና፣ «ቅጣቱስ ይሁን። ከዳኞቹ አንዳቸው እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም» አለች። ይቺ ነገር ከሆዱ አልወጣችም። እኔ ብሆን ሰውን ፊት ለፊት አያለሁ፣ ይል ነበር።

እዚያ አገር ለእንዲህ ዓይነቱ ዳኝነት የሕግ ትምህርት አይጠየቅም፤ የሚመረመረው ሰውየው ራሱ ነው። መጀመሪያ ችሎት እየሄደ ከኋላ ተቀምጦ ታዘበ። ከዚያ ለቃለ መጠይቅ ቀረበ።

«ነገ ቢሰማ እርስዎንም ዳኝነቱንም የሚያሳፍር ነገር በሕይወትዎ አለ?» ብለው አፋጠጡት።

ላብ አጠመቀው። የእናቱን ክስ ሳይቀር ዘረገፈው። ጠያቂዎቹ ፈገግ ብለው አሰናበቱት። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ። ወይ ጉድ፣ ያ መጠበቅ! ፖስተኛ ባለፈ ቁጥር በሩን በርግዶ ይወጣል፤ ምስኪኑ ፖስተኛ በመጨረሻ መንገድ ቀየረ።

ሆነለትና ተሾመ፤ ከፍ ያሉ ዳኛ ፊት ቆሞ ማለ፤ ከአንዲት ነርስ፣ ከአንድ ሥጋ ሻጭና ከአንዲት ጡረተኛ መምህርት ጋር ሥልጠና ገባ። አጠገቡ ሆነው እንዲያቀኑት የተመደቡለት ወይዘሮ ካውር ነበሩ፤ ሥራቸው መድኃኒት ቤት፣ ችሎት ላይ ግን የከረሙ።

«ትሬቨር፣ እግርህን!» ይሉታል ከጠረጴዛው ሥር ሲያርገበግበው። «ፊትህም ልክ እንደ እግርህ ነው፣ ሁሉን ያወራል። የምታውቀው ሰው ከቀረበ ወዲያው ተናግረህ ትወጣለህ። ፈገግታ የለም፣ ጥቅሻ የለም። ካጠፋህ ወንበሩን ትለቃለህ።»

የመጀመሪያው ቀን ደረሰ። የሚያስችሉት ሦስት ሆነው ነው፤ ወይዘሮ ካውር መሐል፣ አዲሱ ትሬቨር ዳር። ጠዋት የተከሳሾቹን ስም አሳይተውት «የማውቀው የለም» ብሎ ነበር። አይ ሹፌር! ሹፌር የሰው ስም ከየት ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ፊት ነው።

የጎረቤቱን መስኮት ሰብሯል የተባለው ተከሳሽ ገባ። ያ የውሻው ሰውዬ! በየማለዳው ከነውሻው አውቶቡሱ ላይ ተሳፍሮ፣ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ቆሞ በራግቢ ጨዋታ የሚከራከረው። ሰውየው ትሬቨርን ሲያይ ፊቱ በራ።

ትሬቨር ክው አለ። አለቀልኝ፣ ፊቴ አወራ፣ ወንበሩ ሄደ! አንገቱን ደፋ፤ ጠረጴዛው ላይ እንዳፈጠጠ «አውቀዋለሁ» ብሎ ለወይዘሮ ካውር አንሾካሾከና፣ እንዳቀረቀረ በጎን በር ወጣ። ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ ሲለካው ቆየ።

«ደግ አደረግህ። እኔ ራሴ ከዚህ የተሻለ አልወጣም» አሉት ወይዘሮ ካውር በዕረፍት ሰዓት።

ማታ ግሌንዳ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዝታ ጠበቀችው። ቆሞ በላ፤ ደስታው ግን ልክ አልነበረውም።

ሰኞ ማለዳ ትሬቨር መሪውን ጨብጦ ሳለ ሰውየው ከነውሻው ተሳፈረ። ቅጣቱን የቀሩት ሁለቱ ዳኞች ወስነውበት ነበር።

«ስማ ወንድሜ፣ መውጣት ነበረብኝ እኮ» አለ ትሬቨር ቀድሞ። «ስለምንተዋወቅ ነው፤ ሕጉ ነው።»

«እሱንማ ነገሩኝ። አልተቀየምኩም» አለ ሰውየው። ውሻውን ሳብ አደረገ። «ግን አንተ ሰውዬ፣ ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም።»

ሌላ ጊዜ የሚቆምበትን ቦታ ትቶ ከኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

የትሬቨር እጅ መሪው ላይ ቀረ። እናቱ ካፖርቷን እንደለበሰች ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታየችው። እግሩ ዝም አለ፣ ያ እረፍት የማያውቀው እግሩ።

«ኧረ ሹፌር፣ አንሄድም እንዴ?» ብለው ተሳፋሪዎቹ ጮኹ።