የጋሽ ወልዴ የዝግባ ቆጠራ

ጋሽ ወልዴ፣ ሙሉ ስሙ ወልደአማኑኤል፣ አሰላ የደን ጥበቃ ኃላፊ ነበር። እኔ ጸሐፊው ነበርኩ። ቁጣውን ችሎ ሦስት ዓመት የቆየ ሌላ ጸሐፊ አልነበረም። በወጣትነቱ ከጭላሎ ወዲያ መንገድ ስቶ በግዙፍ ዝግባዎች መካከል ሲዞር ውሏል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ እነሱው ነው።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ከበላይ ደብዳቤ መጣ። የግንዳቸው ዙሪያ ከአምስት ሜትር በላይ የሆነ መቶ ዝግባዎች ከተገኙ ደኑ ብሔራዊ ፓርክ ይሆናል፤ ካልተገኙ ለጣውላ መሰንጠቂያ ይሰጣል። የተሰጠን ጊዜ ዐሥር ቀን ነበር።

በእግር ገባን። መሪያችን አቶ ሁሴኖ የሚባሉ፣ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ የሚኖሩ የአገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ወልዴ የብረት ሜትሩን ዝናብ ያዝገዋል ብሎ ቢሮ ትቶ፣ በየሜትሩ የተቋጠረ ረጅም ገመድ ትከሻው ላይ አንግቷል። የመጣንበትን ጉዳይ ለሽማግሌው አላስረዳም። ማስረዳት አይወድም ነበር።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጭቃ ስንረግጥ፣ ሳማ ሲለበልበን ቆየን። የምናገኘው አብዛኛው ቀጫጭን ነው። የአርሲ ሰው ሰላምታ ከጀመረ ከብቱን፣ ጥጃውን፣ ዝናቡን ሳይጠይቅ አይለቅም፤ እኛን ሲያይ ግን አንድ ቃል ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ነገሩ ገርሞኝ ነበር፣ ግን እግሬ ስላበጠ አላሰብኩበትም።

«አቶ ሁሴኖ፣ ትልልቆቹ የት ገቡ?» አለ ጋሽ ወልዴ።

«ድሮ ነበሩ ጌታዬ። እሳት በላቸው።»

«እሳት ሲበላቸው እኔ የት ነበርኩ?»

«እርስዎማ አሰላ ነበሩ።»

ልኩን የሚሞላ ሃያ ሦስት ብቻ ቆጠርን። ጋሽ ወልዴ ሪፖርቱን ሲፈርም ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው።

በጥር መሰንጠቂያው ገባ። በሳምንቱ አቶ ሁሴኖ ቢሮ መጡ። «ዝግባዎቹን እየጣሉብን ነው» አሉ። ጋሽ ወልዴ «የትኞቹን?» ብሎ ጮኸ። ይዘውን ሄዱ። በቆጠራው በአራተኛው ቀን ካረፍንበት ቦታ፣ ከጉብታው ጀርባ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ጉቶዎቹ የአልጋ ስፋት አላቸው። መጋዙ አሁንም ከወዲያ ይጮሃል። ጋሽ ወልዴ ሽማግሌውን እንዳይመታ ፈርቼ መሐል ቆምኩ።

«ለምን አላሳዩኝም?»

«ገመድ ይዘው መጡ። አባቴም ቤት ገመድ የያዘ ሰው መጥቶ ነበር። ቃላድ ጣለ፣ መሬቱን ለካ፣ የለካውን ወሰደ። ወላሂ፣ እኛ ዘንድ የተለካ ነገር አይመለስም። ዛፉን ከለኩት መሬቱ ይከተላል ብዬ አዞርኳችሁ።»

«እኔ እኮ ላድናቸው ነበር!»

«እሱን መቼ ነገሩኝ?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ጋሽ ወልዴ ጉቶው ላይ ተቀመጠ። «ስንት ነበሩ?» አለ።

«እንዲህ ያሉት መቶ ስድሳ ሁለት። እያንዳንዱ ላይ ማን ቀፎ እንደሰቀለ አውቃለሁ። ገመዱን ትተው ቤቴ ገብተው ቢጠይቁኝ፣ ወተት እስኪፈላ ቆጥሬ እነግርዎ ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ግማሹ ገና አልተቆረጠም። አሁን ደብዳቤ ይጻፉልን» አሉት።

ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ ዞረ።

«ግማሹ መቶ አይሞላም» አልኩት። «አንተም ሃያ ሦስት ብለህ ፈርመሃል።»

ሦስት ዓመት ስሠራለት ያልተቆጣኝ ያን ቀን ብቻ ነው።