የአክስት ቀሚስ

ወረርሽኙ ቤት በቆለፈባቸው ወራት አክስቷ የልብስ ሰፊዋን እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኗ ትመዝን ነበር። «ደግሞ ልትበዪ ነው? በሩ ሲከፈት በየት ልትወጪ ነው?» ትላታለች። ልብስ ሰፊዋ ሰው ፊት መብላት ተወች። በሽታው ከሄደ ዓመታት ቢያልፉም፣ ዛሬም የምትበላው ሱቋ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቃ ነው፤ ሰው ካያት እህሉ ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል።

አንድ ቀን አክስቷ በልጇ ሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ልታሰፋ ጨርቅ ይዛ መጣች። «ወገቡን ጠበቅ አድርጊው፤ እኔ እንዳንቺ ሆዳም አይደለሁም።»

«እሺ አክስቴ» አለችና ለትንፋሽ የሚተወውን ትርፍ ጨርቅ በመቀስ ሸኘችው።

በሠርጉ ዕለት ግማሽ አገር የሚያጠግብ ምግብ አክስቲቱ ፊት ተደረደረ፤ አንዴ ብትውጥ ግን የጠበበው ቀሚሷ ስፌት እንደ መድፍ ሊተኩስ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሳህኗን ሞልታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። በሰው ሁሉ ፊት ጎረሰች።

«ብዪ እንጂ አክስቴ።»

«ጠግቤያለሁ» አለች አክስቲቱ፣ ትንፋሿን ቆጥባ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ሳትነቅልባት ደግማ ጎረሰች።