ከሰው የተቀዳ

በገዛ እጄ የጻፍኩት "ከሰው የተቀዳ" ተብሎ ዜሮ ተሰጠኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችንን አሮጌ ኮምፒውተር ሊጠግኑ ጀርባውን ሲፈቱት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የጋለ አቧራ ሽታ ወጣ። የተቃጠለ ፀጉርና ዝናብ የነካው ደረቅ አፈር አንድ ላይ የሆኑ ይመስላል። ጠጋኙ አስነጠሰውና አፍንጫውን ጠረገ። እኔን ግን ሽታው አንስቶ ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀመጠኝ። ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ የግል ኮሌጅ ነው። ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ አለው፤ ሰማያዊው መጋረጃ ከፀሐይ ብዛት ነጥቷል፤ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው እንደ ንብ ያንጎራጉራሉ። ከመስኮቱ ውጭ የዳሞታ ተራራ ጉም ለብሷል።

ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም የአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ማንበብ የማይችል ደብዳቤ አድራሽ አይተህ ታውቃለህ? እኔ ነበርኩ። የፖስታውን ስፋትና የማኅተሙን ቀለም እያየሁ አደርስ ነበር። አንድ ቀን የስንብት ደብዳቤ ለማይመለከተው ሰው ሰጥቼ ሰውዬው በቁሙ ደረቀ። በማግስቱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ከዚያ የማታ ትምህርት፣ እስከ አሥረኛ ክፍል። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አለቃዬ ጠራኝና "መዝገብ ቤት አንድ ቦታ አለ። የኮሌጅ ሰርተፊኬት እስከ ሰኔ መጨረሻ ካመጣህ ያንተ ነው። ካላመጣህ ለሌላ እሰጠዋለሁ" አለኝ። ከሥራ መልስ ኮሌጁ ገባሁ። ሰኔ ሲቃረብ የቀረኝ አንድ ትምህርት ብቻ ነበር፤ ኮምፒውተር።

መምህሩ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ፍላሽ ዲስክ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር፣ ሲያስተምር ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ስልኩ የሚያይ ልጅ ነው። የመጨረሻው ሥራችን ይህ ነው አለን፦ "ለአንድ ሳምንት ራሳችሁን ታዘቡ። ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጡ ምን ትፈልጋላችሁ? ምን ትከፍታላችሁ? ያገኛችሁትንስ ምን ታደርጉታላችሁ? በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይሁን፤ እውነቱን ብቻ ጻፉ። ከሃምሳ ነው የሚያዘው።" ሃያ አራት ተማሪዎች ነበርን። እውነቱን ጻፉ ሲባል ያመነው አንድ ሞኝ ብቻ ነው።

አባቱ ገበያው ዳር የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ያለው ልጅ ነበረ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጮኸ፤ "እዚህ ተሠርቶ የተቀመጠ አለ! ምን ያደክመናል?" የሆነ አገር ያለ ተማሪ ራሱን ታዝቦ በእንግሊዝኛ የጻፈው ነበር። በፍላሽ እየተቀባበሉ ወሰዱት። ሌላ ሰው ራሱን የታዘበውን ወስደው ራሳቸውን ታዘቡበት! ሰነፍ አይቻለሁ፤ ስለ ራሱ ሲጠየቅ እንኳ የሚሰንፍ ግን ያየሁት እዚያ ነው።

"ፖስታ፣ ላንተም ላድርግልህ?" አለኝ። ተላላኪ ስለሆንኩ ፖስታ ነበር የሚሉኝ።

"ተወው። እኔ ራሴን ነው የምታዘበው።"

"አንተንማ እኛም እየታዘብንህ ነው!" ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

የምቀመጠው ዘጠኝ ቁጥር ላይ ነበር። ሌላው ላይ አልችልም። የኮምፒውተር ክፍሉን ላብ ነው የምንለው። የላቡ ጠባቂ የቁስል ፕላስተር ቆራርጣ፣ የአማርኛ ፊደላትን በእስክሪብቶ ጽፋ፣ የዘጠኝ ቁጥር ቁልፎች ላይ ለጥፋልኛለች። የሶዶ ልጅ ናት፤ በእኔ ዕድሜ፣ ቀጭን፣ መዝሙር በአፍንጫዋ የምታንጎራጉር። አማርኛው ሲያጥራት ወላይትኛ ትጨምርበታለች። "ኢሻው፣ ቀስ በል፤ አይሸሽህም" ትለኝ ነበር፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። የእኔ ወንድሞች እንኳ እንደዚያ ብለውኝ አያውቁም።

የምፈልገው ነገር ነበረኝ። አገሬ ጉኑኖ፣ እናቴ ጓሮ ያለው እንሰት ከመሀሉ ቢጫ እየሆነ ይደርቅ ነበር። እናቴ "ያ የምትቀመጥበት መስኮት እንሰቴን ያውቀው እንደሆነ ጠይቀው" ብላ ላከችብኝ፤ መስኮት ያለችው ኮምፒውተሩን ነው። ጠየቅሁት። ያደረግሁትንም ሁሉ በደብተር ጻፍኩ። ደብተሩ ዛሬም አለኝ፤ እንዲህ ይላል፦

"ሰኞ። በወላይትኛ ጻፍኩ። ምንም የለም አለኝ። በአማርኛ ሞከርኩ። 'እንሰት ለምን ይደርቃል' ብዬ ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ መብራት ጠፋ።

"ማክሰኞ። አንድ ገጽ ተከፈተልኝ። መስታወቱን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። መሀል ላይ የጫማ ማስታወቂያ አለ። የተጻፈ ነውና እሱንም አነበብኩ።

"ረቡዕ። ያንኑ ገጽ። መጨረሻው ላይ 'መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው' ይላል። እዚያ ድረስ ደረስኩ።

"ሐሙስ። ደከመኝ። ጭቃ የዋጠው ከባድ መኪና ሲያወጡ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ላቡ እስኪዘጋ አየሁ። ስለ እንሰት ምንም አልፈለግሁም።

"ዓርብ። ሁለተኛ ገጽ ከፈትኩ። የታመመውን የቆረጥክበትን ቢላዋ በእሳት ለብልበው ይላል። የመጀመሪያውም ይህን ብሎ ነበር። ሁለት ሰው ካለው እውነት ነው ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ግን አስተያይቼ ሳነበው ሁለቱ ገጾች ቃል በቃል አንድ ናቸው። አንዱ ካንዱ ቀድቷል። ስለዚህ የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የጻፍኩትን ሰረዝኩ።"

ዛሬ ስልኬ ላይ ከላይ ሁለት መስመር አይቼ "አውቀዋለሁ" ብዬ ለሰው የማወራ ሰው ሆኛለሁ። የጫማ ማስታወቂያ በጣቱ እየተከተለ ያነበበውን ያን ሰውዬ ዛሬ ባገኘው የሚያናግረኝ አይመስለኝም። ልክ ነው፤ እኔም ብሆን ራሴን አላናግርም።

ሥራው የሚገባበት ቀን ሌሎቹ ማተሚያው ጋ ተሰልፈው፣ እኔ ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ሳለ የባለሱቁ ልጅ ወረቀት ከፊቴ ወጣ። እንግሊዝኛ ያዳግተኛል፤ ቢሆንም የተጻፈ ነገር ካየሁ አላልፍም ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆምኩ። "በየማለዳው በባቡር ስሄድ በስልኬ ጽሑፎችን እፈልጋለሁ" ይላል።

"አንተ፣ ባቡሩ የት ነው የሚቆመው?" አልኩት።

"የምን ባቡር?"

"በየማለዳው የምትሳፈርበት።"

ወረቀቱን ነጥቆኝ አየ። ደነገጠ ስል ሳቀ። "ተው ባክህ ፖስታ፣ ማን ያነበዋል?"

እውነቱን ነበር። በባጃጅና በእግሩ ከሚሄድ ከተማ ሃያ ሦስት ሰዎች በየማለዳው በባቡር ሄደው፣ ሃያ ሦስቱም ከአርባ በላይ አገኙ። የእኔ ደብተር ላይ ዜሮ ነበረ፤ ከሥሩ በቀይ "ከሰው የተቀዳ"።

መምህሩን መተላለፊያው ላይ ያዝኩት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርድ ስለነበር መጮህ ነበረብኝ።

"መምህር፣ ከማን ነው የቀዳሁት?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ።"

"የሃያ ሦስቱን አይተኸዋል? አንድ ነው እኮ!"

"ትክክል የሆነ ሥራ አንድ ዓይነት ነው የሚሆነው። ሃያ ሦስት ሰው ተሳስቶ አንተ ብቻህን ልክ ልትሆን ነው?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ አንድ ተላላኪ እንዲህ አድርጎ አይጽፍም። በኮሌጁ ሊያሾፍ የፈለገ የተማረ ሰው ነው የጻፈልህ።"

ውዬ አድሬ ሳስበው በሕይወቴ ከሰማሁት ሙገሳ ትልቁ ይህ ነው። ሙገሳም ግን ከእንዲህ ያለ አፍ ሲወጣ ይገማል።

ዲኑ ጋ ገባሁ። ስለ ባቡሩ ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀና "የእነሱ የእነሱ ጉዳይ ነው። አንተ ያንተን አስረዳ። ማስረጃ አለህ?" አለኝ። ምን ማስረጃ አለኝ? ጣቴን ላሳየው?

ወደ ላቡ ተመልሼ ዘጠኝ ቁጥር ፊት ሳላበራው ተቀመጥኩ። ጠባቂዋ ማንጎራጎሯን አቆመች። ሁሉንም ነገርኳት። መዝገብ ቤቱንም፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ መባሉንም። ወደ ጠረጴዛዋ ዞር ብላ፣ "አለ እኮ" አለች።

"ምኑ?"

"ማን በየትኛው ኮምፒውተር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደከፈተ። እዚህ ይመዘገባል፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ ባለው።"

ብድግ አልኩ። "እንግዲያ ይከፈት!"

"የአሥራ ሁለቱም አንድ ላይ ነው ኢሻው። ያንተን ብቻ ነጥሎ አያሳይም።"

"ይሁና! ይታይ! የሌቦቹ ሁሉ ጉድ ይታይ!"

የሻርፕዋን ጫፍ ይዛ፣ ምንም ያልነካውን ስክሪን ቀስ አድርጋ ጠረገች። "እሺ" አለች። "ዲኑን ጥራው።"

ያን መዝገብ በየወሩ መጨረሻ ለዲኑ ማቅረብ ሥራዋ ነበር። እሱ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም አቅርባ አታውቅም። ፊልምና ኳስ ማየት በኮሌጁ ክልክል ነበር፤ ክልከላውን ማስከበርም የእሷ ሥራ ነበር። "ልጆች ናቸው፤ ይዩ፤ ሌላ ምን መዝናኛ አላቸው" እያለች ትተዋቸዋለች። እኔንም ያን ሐሙስ ጭቃ ውስጥ ያለውን መኪና ስመለከት ከኋላዬ ቆማ "አወጡት እንዴ?" ብላኝ አልፋለች። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር እንዳልልህ። አውቅ ነበር፤ አላሰብኩትም።

ዲኑና መምህሩ መጡ። እሷ ዝርዝሩን ወደ ታች እያወረደች በቀጭን ድምፅ ታነባለች። "ዘጠኝ ቁጥር፣ ማክሰኞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ እንሰት። ዘጠኝ ቁጥር፣ ረቡዕ፣ ያው ገጽ።" ዲኑ ደብተሬን ይዞ በጣቱ ያመሳክራል። "ዘጠኝ ቁጥር፣ ሐሙስ፣ ከባድ መኪና።" ዲኑ ሳቅ አመለጠው። የመምህሩ ጆሮ ቀላ። እኔ ያን ጆሮ እያየሁ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀን ዓይነት ደስታም ዳግመኛ እንዳይመጣብኝ ነው የምፈልገው።

ዲኑ ግን በመሀል ያሉትንም መስመሮች አነበበ። ሦስት ቁጥር፣ ፊልም። አራት ቁጥር፣ ኳስ። ሰባት ቁጥር፣ ፊልም፣ ፊልም፣ ፊልም።

"ይህ ሁሉ ሲሆን አንቺ የት ነበርሽ?"

"እዚሁ ነበርኩ" አለች።

ሰበብ አልፈጠረችም። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው፣ መዝገቡ ጠፍቷል ማለት ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል? እነዚያ ሁለቱ ከሷ በላይ አያውቁም።

የሃያ ሦስቱ ውጤት አልተነካም። የኮሌጁ ስም ይጠፋል ተባለ። መምህሩም በዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ፤ በኋላ ደመወዝ እንደጨመሩለት ሰምቻለሁ። ፊልሙን ያዩት ሰርተፊኬታቸውን ይዘው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። የባለሱቁ ልጅ ዛሬ ካገኘኝ "ፖስታ! እንዴት ነህ?" ብሎ ይጨብጠኛል። እጁን እጨብጣለሁ። ምን ላድርግ?

ለእኔ ሠላሳ ዘጠኝ ሰጡኝ። የተስተካከለውን ወረቀት ልወስድ የሄድኩ ቀን እሷ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የርክክብ ቅጽ ትፈርም ነበር። በዕቃ ቁጥር፣ አንድ በአንድ። ዝናቡ ጫማዋን ይረጨዋል። አጠገቧ በፌስታል የተጠቀለለ ኩባያና ሹራብ አለ።

"ተስተካከለልህ?" አለችኝ።

"ተስተካከለ።"

"እሰይ። መዝገብ ቤት ልትገባ ነዋ!"

"አዎ።"

ፈገግ አለች። "እንግዲህ ሰው ወረቀት ፍለጋ ሲመጣ አታመላልሰው፣ እሺ?"

"እሺ" አልኳት። አሁን ወዴት ትሄጃለሽ አላልኳትም። ወረቀቱን እንዳይርስብኝ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ እየሮጥኩ ወጣሁ። መዝገብ ቤት ከገባሁ በኋላ ስንቱን ሰው "ነገ ና" እንዳልኩት እኔ አውቃለሁ።

የእኔ ዜሮ የተሰረዘውና እሷ ከሥራ የተሰናበተችው በአንድ ቃለ ጉባኤ፣ በአንድ ፊርማ ነው፤ ሐሙስ፣ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን።