ሴቶች ያስቆሙት ቆዳ ማልፊያ

በደርግ ጊዜ፣ የምርት ዘመቻው በተጧጧፈበት ወቅት፣ ከአዲስ አበባ ወደ አርሲ ለቁጥጥር ተላክሁ። ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ያለ የቆዳ አልፊዎች ማኅበር ሥራ አቁሞ ነበር። አለቃዬ «ምርት ያደናቀፈውን ሰው ለይተህ ና» አለኝ። እንዲህ የተባለ ሰው እስር ቤት እንደሚገባ እያወቅሁ ተሳፈርኩ።

አሰላ

አውቶቡሱ የናዝሬትን ሙቀት ትቶ ዳገቱን ሲያያዘው ብርዱ ተቀበለን። ጭላሎ ጉም ለብሷል፤ ግርጌው ሁሉ ገብስ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በቅቤ ከታሸ የገብስ ዱቄት የተሠራ ጭኮ ቆርሰው ሰጡኝ። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ያ መንገድ ግን እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ሳጉሬ

በማግስቱ በእህል መኪና ደረስኩ። ማልፊያው ጭር ብሏል። በሩ ላይ ሴቶች ቀጫጭን በትር ይዘው ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩን ጋሼ በቀለን አጥር ጥግ ቆመው አገኘኋቸው።

«ሲንቄ ነው» አሉኝ። «ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት በትር። ሲበደሉ ይዘውት ይወጣሉ፤ ያንን አልፎ የሚገባ ወንድ የለም።»

«ምን በደሏቸው?»

«ቆዳ የምንነክርበትን የኖራ እጣቢ ወንዝ ስንለቅ ከብቶቻቸው ታመሙ። ከአውራጃ አቁም ሲሉኝ እሺ እያልኩ ችላ አልኩ። አሁን ግን ሴቶቹ በሩን ያዙ፤ ሠራተኞቼ ባሎቻቸው ናቸውና አንዱም አይገባልኝ።»

«ጋሼ፣ ይህ ሊያሳስርዎት እኮ ነው።»

«ከእስር እፈታለሁ። እነሱ ካልታረቁኝ ግን እዚህ አገር እንዴት እኖራለሁ?»

ከሴቶቹ ታላቋ አዴ ፋጡማ ሰምተውን ኖሮ ጣልቃ ገቡ። «እኛ ሥራ ይቁም መቼ አልን? ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ቆሻሻው እዚያ ይቅር።»

ጋሼ በቀለ ዶማ አስመጡ። ባሎች ከወንዙ ርቀው የማጣሪያ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ቦዩንም ወደዚያ መለሱት። ሲያልቅ ጋሼ በቀለ ለካሣ ጊደር አረዱ፤ ሴቶቹ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁንና ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔንም ጨምረው ስለመረቁኝ ደስ አለኝ።

አዲስ አበባ

«ታዲያ ማንን እንሰር?» አለ አለቃዬ።

«ማንንም። ቆዳው እየወጣ ነው» አልኩት። ምርቱ ከወጣለት ሌላው አልገደደውምና ተወኝ።

አሁን ስለ ንጹሕ አመራረት በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ሕጉ፣ ቅጣቱ፣ የቀረጥ ማበረታቻው ይነሳል። ሁሉም ይጠቅማል። ጋሼ በቀለን ያስቆፈራቸው ግን ውኃውን ከሚጠጡት ጋር አብረው መኖራቸው ነበር። ዛሬ ፋብሪካዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ባለቤቶቻቸውም ሩቅ ነው የሚኖሩት። ሴቶቹ በትራቸውን ይዘው ቢወጡ የማን ደጅ ላይ እንደሚቀመጡ አላውቅም።